የቼዝ መጽሐፍም እንደ ስንዴ ዘር በራስ መሬት ይፈተን

እ.ኤ.አ. በ1997 ካስፓሮቭን ያሸነፈው ኮምፒውተር የአይቢኤም ንብረት ነበር። ዛሬ ከዚያ የሚበልጠውን ስቶክፊሽን አሰላ ያለ ተማሪ በስልኩ ላይ በነፃ ይጭነዋል። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። ስለዚህ «ለገጠር ልጅ የቼዝ መጽሐፍ የለውም» የሚለው ሰበብ አብቅቷል።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ብዙ ጀማሪ ሶፍትዌሩ አንደኛ ያለውን እርምጃ ሁሉ እየገለበጠ የመክፈቻ ደብተር ያዘጋጃል፤ እስከ 15ኛው እርምጃ ሸምድዶም ይቀመጣል። ተጋጣሚው ግን በ5ኛው እርምጃ ደብተሩ ውስጥ የሌለ ነገር ይጫወታል። ያኔ ሽምደዳው ያልቃል፤ ምክንያቱን ደግሞ መጀመሪያም አልያዘውም።

ሶፍትዌሩ የሚሰጠው ቁጥር ነው። 0.3 ሲል ነጩ ጥቂት ብልጫ አለው ማለቱ ነው፤ ያውም ሁለቱም ወገኖች ከዚያ በኋላ ሳይሳሳቱ ከተጫወቱ። ለታላላቆቹ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፈረሱን በነፃ በሚያስበላ ተጫዋች ዘንድ ግን በአንደኛውና በሦስተኛው ምርጫ መካከል ያለው ልዩነት ጨዋታ አይወስንም።

የአርሲ ሰው ይህን በስንዴ ያውቀዋል። ከአሰላ አቅራቢያ ያለው የኩሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ከውጭ የመጣን የስንዴ ዘር በአገሩ አፈርና አየር ይፈትነዋል እንጂ ውጭ አገር ጥሩ ስላፈራ ብቻ ለገበሬ አያድለውም። ፈተናውም አንዴ ተደርጎ የሚተው አይደለም። ቢጫ ዋግን በመቋቋሙ በሰፊው የተዘራው ዲጋሉ የተባለው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2013 በግንድ ዋግ ክፉኛ ተመታ። አንድ በሽታ የሚችል ዘር ሌላውንም ይችላል ማለት አይደለም።

ለቼዝም መንገዱ ይኸው ነው። ተጫዋቹ የራሱን የመጨረሻ 20 ጨዋታዎች ያውጣ። በእያንዳንዱ ነገር የተበላሸበትን የመጀመሪያ እርምጃ ብቻ ሶፍትዌሩን ይጠይቅ። ከሚሰጡት ሁለት ሦስት አማራጮች የገባውን ይምረጥ፤ ምክንያቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ ይጻፍ። ምክንያቱን መጻፍ ያቃተው እርምጃ ደብተሩ ውስጥ አይግባ። ሊቼስ ላይ ደግሞ በእሱ ደረጃ ያሉ ተጫዋቾች አዘውትረው የሚጫወቱትን አይቶ ለዚያ ይዘጋጅ። በየጊዜውም ደብተሩን በአዲስ ጨዋታ ይፈትን።

ጨርሶ አይሸምደድ ማለት አይደለም። አንድ የተሳሳተ እርምጃ ንጉሥ የሚያስይዝባቸው መክፈቻዎች አሉ፤ እነሱን በቃል መያዝ ግድ ነው። ግን ጥቂት ናቸው።

በየትምህርት ቤቱ ቼዝ የሚያስተምሩ ሰዎች ሊያስቡበት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የተዘጋጀ ረጅም መስመር የተሰጠው ልጅ ሲሸነፍ «ረሳሁት» ይላል፤ ጥፋቱን ከማስታወስ ችሎታው ላይ ይጥላል። ምክንያቱን ራሱ የጻፈ ልጅ ግን የትኛው ሐሳቡ እንደከሸፈ ያውቃል፤ ማታውኑ ያርመዋል። አሥር ገጽ የራስ ደብተር ከሺህ ገጽ የተገለበጠ ፋይል ይሻላል።