«የወፍ በሽታ ነው» ከማለታችን በፊት



እዚህ ኮልፌ ቀራንዮ ወደ ፋርማሲ ከሚመጡ ጥያቄዎች አንዱ «ዐይኑ ቢጫ ሆኗል፣ የወፍ በሽታ ነው ተብሏል፣ የጉበት ቫይታሚን ስጪን» የሚለው ነው። ሥር በጥብጠው ያጠጡ ቤተሰቦችም ብዙ ናቸው። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ቢጫነት ምልክት እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። መንስኤው ሳይለይ ቫይታሚንም ሆነ ሥር መስጠት አይገባም። ለምን?

አላህ ጉበትን ያለ ጋሻ አልፈጠረውም። ከጋሻዎቹ ዋነኛው ግሉታታዮን የሚባል፣ ጉበት ራሱ የሚያመርተው ንጥረ ነገር ነው። መርዝን ያከሽፋል፣ ሕዋሳትን ከሚያቃጥሉ ኦክሲዳንቶችም ይከላከላል። ጉበት በሄፓታይተስ ቫይረስ ሲቆጣ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት እነዚህን ኦክሲዳንቶች ይረጫሉ። ጉበትም ጋሻውን አብዝቶ በማምረት ይመክታል። ቁጣው ሲራዘም ግን ጋሻው ይሳሳል።

የሐሞት ቱቦ በጠጠር፣ በዕጢ ወይም አልፎ አልፎ በወስፋት ሲዘጋስ? ሳሙና ቅባትን እንደሚያጥብ ሐሞትም ስብን ያሟሟል። መውጫ አጥቶ ሲጠራቀም ግን የጉበትን ሕዋሳት ራሳቸውን ይጎዳል። የሐሞት ቱቧቸው በታሰረ አይጦች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ የግሉታታዮን ምርት መጀመሪያ ከፍ ይልና በሁለት ሳምንት ገደማ ያሽቆለቁላል። ጉበት መመከት የሚችለው ለተወሰነ ጊዜ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ አስተውሉ! ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ከአንጀት ወደ ደም የሚገቡት በሐሞት እርዳታ ነው። ቱቦው ተዘግቶ የሚዋጥ የቫይታሚን ኢ እንክብል አብዛኛው ሳይጠቅም ይወጣል። የቫይታሚን ኬ እጥረት ደግሞ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፤ ዘግይቶ ለቀዶ ሕክምና የሚቀርብ በሽተኛም ለመድማት ይጋለጣል።

«ሥር ተፈጥሯዊ ነው፣ አይጎዳም» ለሚሉም መልስ አለኝ። በትግራይ ታሕታይ ቆራሮ ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ሆድ እያሳበጠ ሰው የገደለ የጉበት በሽታ ታይቶ ነበር። ተመራማሪዎች ምክንያት ሆኖ ካገኙት አንዱ ከእህል ጋር የተቀላቀለ የአረም ዘር መርዝ ነው። አረምም ተፈጥሯዊ ነው! በሐረር ሆስፒታሎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናትም ጫት መቃምን ከሥር የሰደደ የጉበት ሕመም ጋር አያይዞታል። ፓራሲታሞልም ቢሆን ከልክ ሲያልፍ ግሉታታዮንን አሟጥጦ ጉበትን ያጠፋል። ጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ባለ 500 ሚሊግራም ፍሬ ማለፍ የለበትም፤ ጉበቱ የታመመ ደግሞ ከዚያ ባነሰ መጠን፣ ሐኪም አማክሮ ይውሰድ።

«ጥቁር አዝሙድና ማርስ?» ትሉኝ ይሆናል። በምግብ መጠን መቅመሱን አልቃወምም። ነገር ግን ቱቦ የዘጋ ጠጠርን አያወጣም። ምርመራ ማድረግም ከተወኩል ጋር አይጋጭም፤ ሰበቡን ማድረስ የእኛ፣ ሺፋው የአላህ ነው።

ስለዚህ እነዚህን ልብ በሉ፦

ሰገራ ነጣ ብሎ፣ ሽንት እንደ ሻይ ጠቁሮ፣ ሰውነት የሚያሳክክ ከሆነ የሐሞት መዘጋት ይጠረጠራል። የደም ምርመራና አልትራሳውንድ ይለየዋል።

ከቢጫነቱ ጋር ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳትና በቀኝ ጎን ከጎድን በታች ሕመም ካለ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ።

እናቶች ሆይ! ቢጫነቱ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሕፃን ፀሐይ በማሞቅ ብቻ አይታለፍ። በተለይ ሰገራው ከነጣ የሐሞት ቱቦው በተፈጥሮ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ቀዶ ሕክምናው የተሻለ ውጤት የሚሰጠው ሕፃኑ ሁለት ወር ሳይሞላው ሲሠራ ነው።

የልጆቻችሁን ክትባትም አታጓድሉ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ለሕፃናት በነጻ ይሰጣል።

የምርመራ ወጪ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ነገር ግን ለሥር የሚከፈለው ገንዘብም የአንድ ቤተሰብ ገንዘብ ነው፤ የሚባክነው ጊዜ ደግሞ በገንዘብ አይመለስም። ጎረቤታችሁ ዐይኑ ቢጫ ሆኖ ብታዩት ሥር ከመጠቆም ይልቅ አብራችሁት ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ካጠረውም አዋጡለት። ይህም ሰደቃ ነው።

አላህ የታመሙትን ያሽርልን። አሚን።