ሰምቶ ያነበበ

ለአንድ የክፍል ጓደኛዬ «ፍቅር እስከ መቃብርን ዐውቀዋለሁ» ብዬ ብነግረው፥ «በስልክ ሰማኸው እንጂ መቼ አነበብኸው?» ብሎ ሳቀብኝ። የተናገረው እውነት ነው፤ መጽሐፉን መጀመሪያ ያወቅሁት በጆሮዬ ነው። ሳቁ ግን አላስደሰተኝምና መልሱን በዚህ መጽሔት ልስጠው አሰብሁ።

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን ልብ ወለድ ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ታሪኩ የሚነሣው ከእኛው ደጅ፥ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስንሄድ ከምናልፋት ከማንኩሳ ነው። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ከብዙ ገበሬ ቤት የገባው በወረቀት ሳይሆን፥ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተረከው ጊዜ ይመስለኛል።

ወጋየሁ በብሔራዊ ቴአትር የሠራ ተዋናይ ነበር። በመድረክ ላይ ልብስ አለ፥ መብራት አለ፥ አብሮ የሚጫወት ሰው አለ፤ በሬዲዮ ግን ከድምፅ በቀር ምንም የለም። በዚያው በአንድ ድምፅ ፊታውራሪ መሸሻን ሆኖ ይቈጣል፤ ወዲያው ደግሞ ጉዱ ካሣን ይሆናል። የሰብለ ወንጌልን ሐዘን ሲያሰማ፥ ተራኪው ወንድ መሆኑን እኔ እረሳዋለሁ።

አያቴ ፊደል አልቈጠረችም። ገጠር ስሄድ ትረካውን በስልኬ እከፍትላታለሁ፤ እርሷም ጥጥ እየፈተለች ትሰማለች። ፊታውራሪ ሲቈጡ እንዝርቷን ታቆማለች። አንድ ቀን «ይኸ ሰውዬ የየት አገር ሰው ነው? የእኛን ሰው ጠባይ እንዴት እንዲህ ዐወቀው?» አለችኝ። አዲስ አበባ የሚሠራ ተዋናይ እንደ ነበረ፥ ካረፈም ከሠላሳ ዓመት በላይ እንደ ሆነው ብነግራት፥ «ነፍሱን ይማረው» ብላ ብዙ ዝም አለች። ስለ ጉዱ ካሣ ግን ከእኔ ጋር እስከ ዛሬ ትከራከራለች። እንግዲህ ጓደኛዬ ይህችን ሴት «መጽሐፉን አታውቂውም» ሊላት ነውን?

የደራሲው ክብር አይነካ፤ እርሱ ባይጽፍ ተራኪው ምን ይተርክ ነበር? ነገር ግን ደራሲው በተወሳ ቍጥር ተራኪው መረሳቱ ይቈጨኛል። በወላጆች በዓል ከዘፈኑና ከድራማው መካከል፥ አንድ ምዕራፍ ድምፅ ከፍ አድርገን የምናነብበት ጊዜ ቢሰጠን፥ ማንበብ የማይችሉ ወላጆቻችንም ከመጽሐፍ ድርሻቸውን ባገኙ ነበር።

በኋላ መጽሐፉን ተውሼ ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት። ለአያቴም ጥቂት ገጽ አነበብሁላት። በትዕግሥት ሰማችኝና «ጐሽ፥ ልጄ! አሁን እስቲ ያንን ሰውዬ ክፈትልኝ» አለችኝ።