ከተረከዝ የሚወሰድ የደም ጠብታ፦ ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ክቡራን የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

በጨቅላ ሕፃናት ክፍል የሠራ ባለሙያ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ልጁ በደህና ተወልዷል፣ አልቅሷል፣ ጡት ይዟል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን መጥባት ይተዋል፤ ያስመልሰዋል፣ ሰውነቱ ይዝላል፣ ቢቀሰቅሱት አይነቃም። ሐኪሙ ኢንፌክሽን ነው ብሎ አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን ያዛል፤ ሌላ መመርመሪያ በሌለበት ከዚህ የተሻለ ማድረግ አይችልም። አንዳንዱ ልጅ ግን መድኃኒቱ እየተሰጠው ይሞታል። ካርዱ ላይ «ሴፕሲስ» ተብሎ ይጻፋል። እናቲቱ ሁለተኛና ሦስተኛ ልጇን እንዲሁ ስትቀብር ጎረቤቱ ሾተላይ አለባት ይላል፤ ባሏም ሌላ እንዲያገባ ይመከራል።

ከእነዚህ ሕፃናት መካከል በዘር የሚተላለፍ የሜታቦሊዝም ችግር የገደላቸው አሉ። ሰውነት ምግብን የሚለውጥበት አንድ ኢንዛይም ይጎድላቸዋል፤ ያልተለወጠው ነገር እየተጠራቀመ አንጎልንና ጉበትን ይመርዛል። ለምሳሌ ጋላክቶሴሚያ የተባለው ችግር ያለበትን ሕፃን የእናቱ ወተት ራሱ ይጎዳዋል። አብዛኞቹ እነዚህ በሽታዎች የሚመጡት ከእናትም ከአባትም እኩል ነው። ሁለቱም ሳይታመሙ ጉድለቱን የሚሸከሙ ከሆነ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ሴቲቱን ብቻ መውቀስ ግፍ ነው። ሰባት ቤት ቆጥሮ መጋባት አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ የአጎትና የአክስት ልጆች በሚጋቡበት አካባቢ ደግሞ ከፍ ይላል።

ከእነዚህ በሽታዎች አንዱ የሆነውን ፌኒልኬቶኑሪያን የኖርዌዩ ሐኪም አስብዮርን ፎሊንግ በ1934 እ.ኤ.አ. የለየው፣ አንዲት እናት የሁለት ልጆቿ ሽንት ለምን የተለየ ሽታ እንዳለው መጠየቋን ስላልተወች ነው። የልጆቿ አእምሮ ግን አስቀድሞ ተጎድቶ ነበር። ዛሬ ይኸው በሽታ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከታወቀ፣ ልጁ ፕሮቲኑ ተመጥኖለት ልዩ ወተት እየጠጣ ያድጋል፤ እንደ እኩዮቹም ይማራል። ይህን ያስቻለው ሮበርት ጋትሪ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ያስፋፋው ምርመራ ነው፦ ከተረከዝ ጥቂት የደም ጠብታ፣ በማጣሪያ ወረቀት ላይ።

ወረቀቱ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ኤችአይቪ በደሟ ካለባት እናት የተወለደ ሕፃን ተረከዙ ተወግቶ ደሙ በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ደርቆ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ነርሶቻችን ሥራውን ለምደውታል። የሚያስቸግረው ቀኑ ነው። ለኤችአይቪ የሚጠበቀው ስድስተኛ ሳምንት ለእነዚህ ልጆች እጅግ የዘገየ ነው፤ በተወለዱ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን መሆን አለበት። በዚያ ጊዜ ደግሞ ብዙዋ እናት ከጤና ጣቢያ ወጥታለች፣ ወይም መጀመሪያውኑ ቤቷ ነው የወለደችው። ስለዚህ አራሷን ቤቷ ድረስ የምትጠይቀው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወረቀቱን ይዛ መሄድ ይኖርባታል።

የምንጠይቀው ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንድትጀምሩ አይደለም። ብዙ እናቶች በሚወልዱባቸው ጥቂት ሆስፒታሎች ይጀመር። በዚያው ጠብታ ከውልደት ጀምሮ የሚኖር የታይሮይድ ሆርሞን እጥረትም ይታወቃል፤ መድኃኒቱ በየቀኑ የሚወሰድ ርካሽ ክኒን ስለሆነ ቅድሚያ ይሰጠው። ልዩ ወተቱ በመድኃኒት ዝርዝር ውስጥ ይግባ፤ ወላጅ ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ተስፋ ማድረግ የለበትም። ላቦራቶሪው እስኪደራጅም ድረስ፣ ከዚህ ቀደም ልጅ የሞተባት እናት ሕፃን ሲታመም የደሙ ጠብታ በወረቀት ላይ እንዲቀመጥ የሚያዝ መመሪያ በዚህ ዓመት አውጡልን።

ከአክብሮት ጋር