ደጋግሞ መጠቀስ ማረጋገጫ አይደለም
(ዜና ትንታኔ)

የታላላቅ ጋዜጦች ዘገባ በሌሎች አገሮች መገናኛ ብዙሃን እየተጠቀሰ ዓለምን ማዳረሱ የተለመደ ነው፡፡ በዚህ ሂደት የጋዜጣው ስም እየጎላ ሲሄድ፣ ጋዜጣው ራሱ መረጃውን ከማን እንዳገኘ የሚገልጸው ክፍል ግን እየደበዘዘ ይሄዳል፡፡ የኢራቅ ጦርነት ዋዜማ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው፡፡

ኒውዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 2002 በፊት ገጹ፣ ኢራቅ ለዩራኒየም ማበልጸጊያ ይውላሉ የተባሉ የአሉሚኒየም ቱቦዎችን ለመግዛት መሞከሯን ዘገበ፡፡ የዘገባው ዋነኛ ምንጮች ስማቸው ያልተገለጸ የአሜሪካ አስተዳደር ባለሥልጣናት ነበሩ፡፡ በዚያው ዕለት ምክትል ፕሬዚዳንት ዲክ ቼኒ በኤንቢሲ ቴሌቪዥን ቀርበው ይህንኑ ዘገባ ጠቀሱ፡፡ ከአስተዳደሩ የወጣው መረጃ በጋዜጣው በኩል ዞሮ ወደ አስተዳደሩ ተመለሰ፡፡ ጋዜጣውንና ባለሥልጣናቱን ጎን ለጎን እየጠቀሰ ለሚያሰራጭ የውጭ መገናኛ ብዙሃን ግን ሁለት ምንጮች የተመሰካከሩ መሰለ፡፡

ተቃራኒ ማስረጃ አልጠፋም ነበር፡፡ የናይት ሪደር የጋዜጦች ኩባንያ የዋሽንግተን ዘጋቢዎች በዚያው ዓመት በመረጃ ባለሙያዎች ዘንድ የነበረውን ጥርጣሬ ዘግበዋል፤ ሆኖም የታይምስን ያህል ጠቃሽ አላገኙም፡፡ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ዋና ዳይሬክተር መሐመድ ኤልባራዳይም እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 2003 ቱቦዎቹ ኢራቅ እንዳለችው ለሮኬት ሥራ የታሰቡ እንደሚመስሉ ለጸጥታው ምክር ቤት አስታወቁ፡፡ ጦርነቱ ግን በማርች ወር ተጀመረ፡፡

ጋዜጣው እ.ኤ.አ. ሜይ 26 ቀን 2004 ባወጣው የአዘጋጆች ማስታወሻ፣ በኢራቅ ጉዳይ ካወጣቸው ዘገባዎች አንዳንዶቹ የሚገባውን ያህል ጥብቅ እንዳልነበሩ፣ ጥርጣሬ የሚያነሱ ጽሑፎችም አንዳንድ ጊዜ በውስጥ ገጾች ተቀብረው እንደነበር አመነ፡፡ ማስታወሻው ራሱ የታተመው በውስጥ ገጽ ነበር፡፡ ስህተቱ በፊት ገጽ ወጥቶ ዓለምን ሲያዳርስ፣ እርማቱ የመጣው ጦርነቱ ከተጀመረ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው፡፡

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ታላላቅ ጋዜጦችን በጅምላ አለማመን አይደለም፤ ስህተቱን በይፋ ያመነውም ጋዜጣው ራሱ ነው፡፡ በየመሥሪያ ቤቱ የመገናኛ ብዙሃን ዳሰሳ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎችና በዳሰሳው ላይ ተመሥርተው የሚወስኑ ኃላፊዎች ሊቆጥሩ የሚገባው ዘገባው ስንት ቦታ እንደተጠቀሰ ሳይሆን፣ መነሻው ስንት ራሳቸውን የቻሉ ምንጮች እንደሆኑ ነው፡፡ አንድ ምስክር አሥር ጊዜ ቢናገር አሥር ምስክር አይሆንም፡፡