ጸጥታና እርጋታ

በየቤታችን በቀን ስንት ጊዜ «ጸጥ በሉ» እንደምንል የቈጠረ ሰው ያለ አይመስለኝም። እናት ለልጆቿ፣ መምህር ለተማሪዎቹ፣ ሽማግሌም ለተሰበሰበው ሕዝብ ይህንኑ ይላሉ። ድምፁ ጠፍቶ ጆሮአችን ሲያርፍ ወዲያው ቤቱ ረጋ፣ ሰዉም ተረጋጋ ብለን እንፈርዳለን። ነገር ግን ጸጥታና እርጋታ ጎረቤታሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። አንዱን ይዘን ሁለቱንም የያዝን ሲመስለን በቤተ ሰብ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ቀላል ስላልሆነ፣ በዚህ ወር ስለ ሁለቱ ቃላት ጥቂት እንድንነጋገር ወደድሁ።

ቋንቋችን ራሱ ልዩነቱን አስቀድሞ አውቆታል። ጸጥታ ይከበራል፣ ይጠበቃል፣ ይታዘዛል፤ ጸጥታ አስከባሪ የሚባል ሰውም አለ። እርጋታ አስከባሪ የሚባል ግን ከቶ ተሰምቶ አይታወቅም። እርጋታ «ረጋ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ እርጎም የወጣው ከዚሁ ነው። የፎገራን ላም ስታልብ የኖረች ባልቴት ይህን ትምህርት ከእኛ አትሻም። ወተቱን በዕቃ አድርጋ ከጥግ ታኖረዋለች እንጂ «እርጋ» ብላ አትቈጣውም፤ በየሰዓቱ የሚያንቀሳቅሰው ሰው ካለ እንደማይረጋም ታውቃለች። ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ በክረምት አፈር ተሸክመው ወደ ጣና ሲወርዱም ሌላ ምሳሌ እናገኛለን። ከወንዙ የተቀዳው ድፍርስ ውሃ በጋን ውስጥ ካደረ ጭቃው ወደ ታች ይወርዳል፣ ውሃውም ይጠልላል። ጭቃው አልጠፋም፤ ቦታውን ያዘ እንጂ። የረጋ ሰው ማለትም ኀዘንና ቍጣ ያልነካው ሰው ማለት አይደለም፤ ኀዘኑንና ቍጣውን ቦታ ያስያዘ ሰው ነው።

«ድምፅ ካለ እርጋታ የለም» ለሚል ሰው ከደብረ ታቦር የተሻለ መልስ የሚሰጥ አገር አላውቅም። የፎገራው ተወላጅ አለቃ ገብረ ሐና (ቀልዳቸው ሊቅነታቸውን እስኪሸፍን ድረስ መነገሩ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል) አዲስ የአቋቋም ስልት ያበጁት የጣናን ማዕበልና በዳርቻው ያለውን የሸምበቆ መወዛወዝ ተመልክተው ነው ይባላል። በጎንደር የነበሩት ካህናት አዲሱን ነገር ባይቀበሉ፣ አለቃ ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ተክሌም ወደ ደብረ ታቦር አምጥቶ ተከለው፤ ስልቱም እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል። በበዓል ቀን በቅኔ ማሕሌት ቆሞ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። መጀመሪያ በቁም ዜማ የሰው ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ከዚያም በመረግድ ከበሮውና ጸናጽሉ ይገባሉ፤ በጽፋትም ጊዜ ሁሉ ነገር እየፈጠነ ይሄዳል። ጆሮ የሚያርፍበት ቦታ የለም። በመካከሉ የቆመው መሪጌታ ግን ትከሻው አይቸኩልም፣ ዐይኑ አይቅበዘበዝም፤ ከበሮው ሲበረታ እርሱ ይበልጥ የተተከለ ይመስላል። ማዕበል የሐይቁን ፊት ያናውጣል እንጂ የሐይቁን ጥልቅ አያናውጥም፤ አለቃ ከጣና የቀዱት ይህን ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ። በዚያ ሰዓት ጸጥታ የለም፤ እርጋታ ግን ሞልቷል።

የዚህንም ተቃራኒ ያችው ከተማ አይታዋለች። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አስጐትተው በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ወደ መቅደላ ሲነሡ፣ ደብረ ታቦርን አቃጥለዋት ሄዱ። በጋፋት ሲሰማ የነበረው የመዶሻ ድምፅ ቆመ፤ የሠራዊቱም ጫጫታ ራቀ። ከዚያ ወዲያ በከተማይቱ ጸጥታ እንደ ሆነ የሚጠራጠር የለም። ያን ጸጥታ እርጋታ ብሎ የሚጠራው ግን ማን ነው?

ወደ ቤታችን እንመለስ። ባልና ሚስት ተኳርፈው ሳምንት ሙሉ ቃል ያልተለዋወጡበት ቤት ከውጭ ሲያዩት እጅግ ጸጥ ያለ ነው። ጎረቤት «እነዚህስ የታደሉ ናቸው» ይላል። በወዲያኛው ቤት ደግሞ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ፣ ስለ ልጆች ትምህርት፣ ስለ ዘመድ ብድር ሲከራከሩ ድምፃቸው ከአጥር ያልፋል፤ ሲመሽ ግን ከአንድ መሶብ ቀርበው ይበላሉ። የንስሐ አባት ቤት ለቤት ሲዞሩ በየትኛው ቤት ቈይተው ቢቀመጡ ይሻላል? በመጀመሪያው ነው እላለሁ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን» የሚለው መልስ ፈጥኖ የሚሰጠው በዚያ ነውና። በተለይም ሚስት ዝም ማለቷን እንደ መስማማት የሚቈጥር ባል፣ ያልተነገረው ነገር ሁሉ በጓዳ እየተጠራቀመ እንደ ሆነ ይወቅ። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት ምስጢር ለሚጠብቅ ሰው እውነት ነው፤ በደል ለተሸከመ ሰው ግን ዝምታ ይነቅዛል።

ይህን ስል ዝምታን መንቀፌ አይደለም። አባቶች በአርምሞ የሚኖሩት ወደ እርጋታ የሚወስድ መንገድ ስለ ሆነላቸው ነው። ከቤተ መንግሥት ወጥቶ በግብጽ በረሃ ለመነነው ለአባ አርሳንዮስ የተሰጠው ምክር ሦስት ደረጃ ነበረው፤ መሸሽ፣ ዝም ማለት፣ ከዚያም መርጋት። ዝምታና እርጋታ አንድ ቢሆኑ ኖሮ ሁለተኛው ደረጃ በበቃ፣ ሦስተኛውም ባላስፈለገ ነበር። ጌታችንም በታንኳይቱ ተኝቶ ሳለ ማዕበሉ ይጮኽ ነበር፤ ባሕሩ ጸጥ ያለው በኋላ ነው፤ እርጋታው ግን አስቀድሞ በታንኳይቱ ውስጥ ነበረ።

ይህን ሁሉ የጻፍሁት ግን ይልቁን ስለ ልጆች ብዬ ነው። በ2013 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፣ ጦርነቱ በተስፋፋ ጊዜ፣ በደብረ ታቦር ላይ ከባድ መሣሪያ ተተኵሶ በቤታቸው ያሉ ሰዎች ሞተዋል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ አገር ሌላ ግጭት ተነሥቶ ብዙ ቤተ ሰብ የተኵስ ድምፅ ሲሰማ አድሯል። ከእንዲህ ያለው ነገር በኋላ ዝምተኛ የሆነውን ልጅ ወላጅ «ጨዋ ሆነልኝ፤ አይጮኽ፣ አይረብሽ» ብሎ ሊያመሰግነው ይችላል። ጨዋነት ከሆነ መልካም ነው። ነገር ግን የረጋ ልጅ ይጠይቃል፣ ይጫወታል፣ ሲወድቅ ያለቅሳል፣ ካለቀሰም በኋላ ተመልሶ ይሮጣል። ጸጥ ብቻ ያለው ልጅ በር ድንገት ሲዘጋ ይደነግጣል፣ ሌሊት ይባንናል፣ የሚወደውን ምግብ ይተዋል፣ ከእናቱ ቀሚስ አይለይም፣ ስለዚያ ቀን ሲነሣም ፊቱን ያዞራል። እንዲህ ያለውን «ወንድ ልጅ አይፈራም» ብሎ ማለፍ በሚፈላ ድስት ላይ ድንጋይ መጫን ነው። አጠገቡ ተቀመጡ፤ ሲናገር አታቋርጡት፤ የመኝታውንና የምግቡን ሰዓት አታዛቡበት። ነገሩ ሳምንታት ከቈየ ጸሎቱንና ጠበሉን ሳትተዉ ለሐኪምም አሳዩት፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

በታቦር ተራራ ሦስቱ ደቀ መዛሙርት ከደመናው የወጣውን ድምፅ ሰምተው በፊታቸው በወደቁ ጊዜ፣ ጌታ ከሩቅ ሆኖ ተነሡ አላላቸውም። አስቀድሞ ቀረበ፣ ዳሰሳቸው፣ ከዚያ በኋላ ተናገራቸው።

በቡሄ የሚጮኸው ጅራፍ የዚያ ድምፅ ምሳሌ እንደ ሆነ አባቶች ያስተምራሉ። ድምፅ የሚፈራ ልጅ ካላችሁ በዚያ ሰሞን በቤት አትዝጉበት፤ በግድም ወደ ሜዳ አታውጡት። አስቀድማችሁ ጅራፉን ከእርሱ ጋር ሆናችሁ ግመዱ፤ ወንድሙ ሲያጮኽ ራቅ ብሎ በእናንተ እጅ ተይዞ ይመልከት፤ ከፈቀደ በገዛ እጁ ያጩኸው። ካልፈቀደም ለሚመጣው ዓመት ይቈየው፤ ሙልሙሉን ግን ከእኩዮቹ ጋር ይብላ።