ጃናሞራ የሚራበው በሐምሌ ነው

ገና ሲቃረብ፣ ፋሲካ ሲደርስ፣ በየከተማችን የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ድንኳን ይተከላል፣ ሰፊ ባነር ይወጠራል፣ የዱቄት ከረጢትና የዘይት ጀሪካን ይደረደራል። አቅመ ደካሞች ከማለዳ ተጠርተው ይጠብቃሉ። ባለሥልጣኑ አርፍዶ ይመጣል፤ ንግግር ያደርጋል፤ ካሜራው ሲስተካከል ጀሪካኑን ለአንዲት እናት ያቀብላል፤ እናቲቱም ጎንበስ ብለው ይመርቁታል። ማታ «ማዕድ ማጋራት ተካሄደ» የሚል ዜና እንሰማለን። ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ይህን ትዕይንት ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የተራበውን ሰው ያሰበ ሰጪ ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ የሚቸግራችሁ መቼ ነው?

ከደባርቅ ወዲያ ያለ ገበሬ ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። በሰሜን ጎንደር፣ በጃናሞራና በበየዳ ደጋ የሰው ኑሮ በገብስና በድንች ላይ ቆሟል። ገብሱ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ታጭዶ ይወቃል፤ በዓመቱ ውስጥ ጎታው ሞልቶ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ሚያዝያ ላይ ጎታው ይጎድላል። ግንቦት ላይ እናት ከሦስቱ ማዕድ አንዱን ትቀንሳለች። ሰኔ ላይ ለዘር የተቀመጠው ቤቱን መፈተን ይጀምራል። ሐምሌና ነሐሴ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ ጉሙ ራስ ዳሸንን ሲሸፍን፣ ማሳው አረንጓዴ ሆኖ ቤቱ ባዶ ነው። ልጆች የሚከሱት ያኔ ነው። የምታጠባ እናት ጡቷ የሚደርቀው ያኔ ነው።

አሁን የበዓላቱን ቀን አስቡ። ገና የሚውለው ደጋው ከሌላው ወር ሁሉ የተሻለ እህል ባለበት ሰዓት ነው። ፋሲካ ሚያዝያ አካባቢ ነው፤ ጎታው ጎድሏል እንጂ ገና ባዶ አልሆነም። እንቁጣጣሽ ብቻ ወደ ጭንቁ ወራት ትጠጋለች፤ እርሷም ስትደርስ ነሐሴ አልፏል፣ የተሸጠው በሬ ተሽጧል፣ የሞተው ሞቷል። የልግስናችን ሰሌዳ በሰጪው በዓል የተቀረጸ ነው። የተቀባዩ ረሃብ በሰሌዳው ላይ የለም።

የገበያውን ነገር ደግሞ ተመልከቱ። ሐምሌ ላይ የጨነቀው ገበሬ በጉን እየነዳ ደባርቅ ገበያ ይወርዳል። ጎረቤቱም ወርዷል፤ የላይኛው ቀበሌም የታችኛውም ወርዷል። በጉ ስለሚበዛ ዋጋው ይወድቃል፤ እህሉ ስለሚያንስ ዋጋው ይሰቀላል። በጥር በአንድ በግ የሚሸመተው ገብስ በሐምሌ በዚያው በግ አይገኝም። የእኛም መዋጮ እንደዚያው ነው፦ ረሃቡ ከተሰማ በኋላ የምንሰበስበው ገንዘብ እህል የሚገዛው እህል በተወደደ ጊዜ ነው። በጥር የሰጠነው ብር ብዙ ቁና ይገዛ ነበር። ነጋዴው ይህን ሁልጊዜ ያውቀዋል፤ እኛ ቸሮቹ ግን ከዓመት ዓመት አልማር ብለናል።

ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም ዕድሜ ልካቸውን ሲያስረዱን የኖሩት ይህንኑ ነው፦ ድርቅ ከሰማይ ቢመጣም ረሃብን የሚሠራው ገበሬውን አቅም ያሳጣው ሥርዓት ነው። በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው የረሃቡን ፎቶግራፍ አንስተው በአዲስ አበባ አሳዩ። ያ ፎቶግራፍ መንግሥትን አሳፈረ፣ የተደበቀውን ገለጠ። የዛሬው ፎቶግራፍ ግን ባለሥልጣንን ለማስመስገን ይነሳል፤ የተራበችው እናት በውስጡ ያለችው እንደ ምስክር ሳይሆን እንደ ጌጥ ነው። ይህ ያስቆጣኛል፤ ሊያስቆጣችሁም ይገባል።

የ2015 ክረምትን እንዴት እንረሳለን? ሰኔ ላይ የአሜሪካ መንግሥትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም «እርዳታው እየተሰረቀ ነው» ብለው በመላ አገሪቱ እህል ማከፋፈል አቆሙ። ስርቆቱን የፈጸመው የበየዳ ገበሬ አልነበረም፤ የተቀጣው ግን እርሱ ነው። ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ ጃናሞራን፣ በየዳንና ጠለምትን ከዳቸው። ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በአማራ ክልል ጦርነት ነበር፣ መንገድ ይዘጋል፣ ኢንተርኔት ተቋርጧል። ሦስቱ በአንድ ክረምት ተደራርበው መጡ። እርዳታው በአገር ደረጃ የተመለሰው ከወራት በኋላ፣ ወደ ታኅሣሥ 2016 ገደማ ነው። ጥር 2016 ላይ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በትግራይና በአማራ ክልል ሰዎች በረሃብ መሞታቸውን ይፋ አደረገ፤ በትግራይ ብቻ 351። በዚያው ወር መጨረሻ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤት ቀርበው በኢትዮጵያ በረሃብ የሚሞት ሰው የለም፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ በሽታ ግን ሊኖር ይችላል አሉ። ልጇን የቀበረች እናት ይህን ልዩነት ምን ታድርገው?

ወገን ጨርሶ አልተኛም። ከጎንደርም፣ ከአዲስ አበባም፣ ከባሕር ማዶም ገንዘብና እህል የሰጠ ብዙ ነው፤ ለሰጠው ሁሉ አክብሮት አለኝ። ነገር ግን የሰጠነው ሞት ከተሰማ በኋላ ነው። ጎንደርና ደባርቅ መካከል ያለው መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለውን ወገን ረሃብ ለመስማት ሬሳ መጠበቅ አለብን?

ቀድመን ማዘጋጀት እንደማንችል የሚነግረኝ ሰው ካለ ኅዳር 2014ን አስታውሰዋለሁ። የሰሜኑ ጦርነት ዳባትንና ደባርቅን ካመሰ በኋላ ነበር። የዚያን ጊዜ ጎንደር ውስጥ ስንቅ ያልተዘጋጀበት ሰፈር የት ነበር? እናቶቻችን በየግቢው ምጣድ ጥደው ገብስ ቆሉ፣ በሶ ፈጩ፣ ድርቆሽ አደረቁ፣ ዳቦ ቆሎ ጠበሱ። ሰልፍ ያዘዘ፣ ስብሰባ የጠራ አላስፈለጋቸውም። የሠፈር ሴቶች በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚጫን ስንቅ አወጡ። ተፈናቃዩንም በየቤቱ አስገብተው አበሉ። ለጦር ሜዳ ስንቅ ማዘጋጀት የቻለ ሕዝብ፣ ለሐምሌ ስንቅ ማዘጋጀት አይችልም የሚል ማነው?

አሰጣጡንም ቢሆን ከማንም መማር አያስፈልገንም። ጎንደር የአብነት ትምህርት ቤት አገር ናት። ደበሎ የለበሰ፣ አኮፋዳ ያንጠለጠለ ተማሪ በየደጁ ቆሞ በእመቤታችን ስም ሲለምን፣ ሊቃውንቱን ሁሉ የመገበው የጎንደር እናቶች ቁራሽ ነው። ማን ለየትኛው ተማሪ ስንት ቁራሽ እንደሰጠ የተመዘገበበት መዝገብ የለም፤ ተማሪውም በሰጪው ፊት ለምስጋና አልተሰለፈም። በከተማችን አዲስ ዓለም ሰፈር ወዳሉት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ብንሄድ ዘካተል ፊጥርን እናገኛለን። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል አራት እፍኝ ያህል፣ ቤቱ ከሚበላው እህል ተሰፍሮ፣ ከዒድ ሶላት በፊት ለድሃው መድረስ አለበት። ከሶላቱ በኋላ የሰጠ ሰው ተራ ምጽዋት ሰጠ እንጂ ዘካውን አላወጣም። እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ቆሜ አስቤያለሁ። ሃይማኖቱ ሰዓቱን የስጦታው አካል አድርጎታል፤ የዘገየው ስጦታ ያው ስጦታ አይደለም። ሰፈሩ ሁሉ ይህን ሕግ ለሐምሌ ቢያውለው ምን ይሆን ነበር?

አበው «ከፍትፍቱ ፊቱ» ያሉት ለጌጥ አይደለም። ባለፈው ጊዜ አንዲት የማውቃቸው አሮጊት ለዘይት ተጠርተው ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ምን ሆነው እንደሆነ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ የሟች ባሌ ወንድሞች በቴሌቪዥን ያዩኛል» አሉኝ። በችጋር ላይ ኀፍረት ጨምረን የሰጠነው ዘይት ይህ ነው። የድሃ ፊት የድሃው ንብረት ነው፤ በአምስት ሊትር ዘይት የሚገዛ አይደለም።

ሌላም አለ። ለተጎጂዎች ተብሎ ከደመወዝ የሚቆረጠው። የምቀርባቸው ሠራተኞች የወር ደመወዛቸውን ሲቀበሉ ተቆርጦ ያገኙታል፤ ፈቃዳቸውን የጠየቀ የለም፣ ገንዘቡ የት ደረሰ ብለው ሲጠይቁ የሚመልስ የለም፣ ወረቀቱ ላይ ግን «በፈቃደኝነት» ይላል። በግድ የተወሰደ ገንዘብ ቸርነትን ይገድላል። ከዚያ በኋላ እውነተኛ ጥሪ ሲመጣ ሰው ፊቱን ያዞራል፤ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

የእኔ ጥያቄ ይህ ነው። በጎንደር ከተማ ያለ እድር ሁሉ ጥር ላይ እህል ይሰብስብ። እህል ያለው በቁና፣ የሌለው በገንዘብ። ገንዘቡን ይዘን በዚያው ወቅት ከዳባትና ከዙሪያው ገበሬ ገብስና ባቄላ እንሸምት፤ ምርቱን በርካሽ ሊሸጥ ለተገደደው ገበሬም ይጠቅመዋል። ለሕፃናቱ የምጥን ዱቄት እናስፈጭ። ፓስታና ብስኩት ይቅር፤ ደጋ ላይ የሚበላው ገብስ ነው። እህሉ ከግንቦት በፊት በጃናሞራ መካነ ብርሃን፣ በበየዳ ድል ይብዛ ድረስ ሄዶ እዚያው ይከማች። ማን እንደሚያገኝ የሚወስኑት እዚያው ያሉ ሽማግሌዎች፣ ቄሱ፣ ሼኹና የልጁን ክንድ የምትለካው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይሁኑ። እርሷ ማን ቤት ልጅ እንደከሳ ከማንኛውም የወረዳ ሪፖርት ቀድማ ታውቃለች። ሲሰጥም በማታ፣ በየቤቱ፣ ያለ ካሜራ።

«ይሰረቃል» ይሉኛል። እድር ድንኳኑን፣ ብረት ድስቱን፣ ሲኒውን ሳይቀር ቆጥሮ በመዝገብ የሚይዝ ተቋም ነው፤ አንድ ሲኒ ቢጎድል በጉባኤ ይጠየቃል። ለጎተራው ሦስት ቁልፍ አበጁለት፣ በሦስት ሰው እጅ አስቀምጡት፣ መዝገቡን በየወሩ ለአባላት አንብቡ። «ይነቅዛል» ይሉኛል። ደጋው ብርድ ነው፤ በደንብ የደረቀ ገብስ አየር በማያስገባ ከረጢት ከጥር እስከ ነሐሴ በደህና ይቆያል። «ተረጂነትን ያለማምዳል» የሚለው ግን ከሁሉ ይከፋብኛል። «ከተረጂነት ወደ ምርታማነት» የሚል መፈክር ሰምተናል፤ ጥሩ። ዘሩን በሰኔ የበላ ገበሬ ግን በምን ያመርታል? ነሐሴ ላይ በሬውን የሸጠ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት በምን ያርሳል? በሐምሌ አንድ ኩንታል ገብስ በሬውን ያስቀርለታል። ከዚህ የበለጠ የምርታማነት ሥራ ካለ ይንገሩኝ።

«የመንግሥት ሥራ ነው» የሚሉኝ ደግሞ እውነት አላቸው። የመንግሥት ሥራ ነው። ለዚህ ተብሎ በ1966 የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ተቋቁሟል፣ ከ1997 ጀምሮ ሴፍቲኔት አለ። ጎተራችን የመንግሥትን ዕዳ አይሰርዝም። እንዲያውም የእድር መዝገብ በሐምሌ ምን ያህል ቤት እንደተራበ በጽሑፍ ስለሚይዝ፣ የለም ለሚል ባለሥልጣን የሚቀርብ ማስረጃ ይሆናል።

የውጭውም እጅ እየታጠፈ ነው። ሚያዝያ 2017 ላይ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ገንዘብ ስላለቀበት በኢትዮጵያ 650 ሺህ ሴቶችና ሕፃናት ያገኙት የነበረውን የምግብ እጥረት ሕክምና ለማቆም መገደዱን ተናገረ። የውጭ እጅ ሳንጠብቅ መጀመር እንችላለን፤ አሜሪካ ራሷ እንኳ የምግብ ባንክ የሚባለውን ነገር የጀመረችው በአንድ ሰው ትጋት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ጆን ቫን ሄንግል የተባለ ሰው ፊኒክስ ከተማ ውስጥ የተረፈ ምግብ መሰብሰብ ጀመረ። እዚያም በሽታው ያው ነው፦ በበዓላቸው ሰሞን መደርደሪያው ይሞላል፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች የትምህርት ቤት ምሳ በሚያጡበት የበጋ ወራቸው ይራቆታል። የእነርሱን ስሕተት አስመጥተን የምንደግምበት ምክንያት የለም።

ለከተማው አስተዳደር የምለው አጭር ነው፦ ለባነርና ለድንኳን የሚወጣውን ብር ለእህል መጋዘን ኪራይ አውሉት፤ ማዕድ ማጋራቱንም ወደ ሐምሌ አዙሩት። ጠመንጃ ለያዘ ሁሉ፣ ለመንግሥት ወታደርም ለፋኖም፣ የምለው አለ፦ እህል የጫነ መኪና አይቁም፣ ይፈተሽ ተብሎ አይዋል፣ ሾፌሩ አይታገት። ለእድር ሰብሳቢዎች ደግሞ፦ ጉዳዩን በሚቀጥለው ጉባኤ አጀንዳ አድርጉት፤ የጥር መዋጮ በዚያው ይወሰን፣ ሸማቾቹም በስም ይመረጡ። ጊዜ የለንም። እህሉ በሰሜን ተራሮች መንገድ፣ በሳንቃበር አድርጎ ጨነቅን ማለፍ ያለበት ሚያዝያ ሳያልቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፣ ጭነት መኪናም አይወጣውም።