ግቢው የአንድ ሰው ነው፤ መንገዱ ግን የሁላችንም ነው



በመጪው እሑድ ለጠቅላላ ጉባኤ ከሚቀርቡት ጉዳዮች አንዱ የቴሌቪዥን ድራማ ቀረጻ ነው። አንድ አዘጋጅ ድርጅት ከሠፈራችን ግቢዎች አንዱን ተከራይቶ ለወራት ተከታታይ ድራማ ሊቀርጽ አስቧል። ከግቢው ባለቤት ጋር ተስማምቷል። ከማኅበሩ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ተቃውሞ የለንም» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ።

እኛ ደብዳቤውን እስካሁን አልጻፍንም። በዚህም የተነሣ «ኮሚቴው የሰው እንጀራ ይዘጋል»፣ «ሠፈራችን በቴሌቪዥን ቢታይ ምን ይጎዳል?» እየተባልን ነው። ነገሩ በየቡናው ላይ ከሚዞር መልሳችንን በጽሑፍ ማውጣት ይሻላል ብለናል።

አስቀድሞ ይታወቅልን፤ እኛ ድራማ አንጠላም። ማታ ማታ እኛም እንደ ሰዉ ቴሌቪዥን ፊት እንቀመጣለን። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ገንዘቡን የሚቀበለው ማን ነው? ጣጣውን የሚሸከመውስ ማን ነው? ሁለቱ አንድ ሰው ከሆኑ ነገሩ መልካም ነው። ሁለቱ ከተለያዩ ግን ጎረቤትና ጎረቤት ይጣላል። ይህን ከሆዳችን አላወጣነውም፤ በሌላው አገር የደረሰ ነው።

መልካሙን እናስቀድም። «ዳውንተን አቢ» የተባለው የእንግሊዝ ተከታታይ ድራማ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2015 የታየ ሲሆን፣ የመሳፍንቱ ቤት ሆኖ የሚታየው ሃይክሌር የተባለ እውነተኛ ግንብ ነው። ከድራማው ወዲህ ጎብኚ ጎረፈ፤ ባለቤቶቹም ከጎብኚው ባገኙት ገቢ ግንቡን አስጠገኑ። እሰየው! ነገር ግን ሃይክሌር በሰፊ መሬት መካከል የቆመ፣ በርና ቲኬት ያለው ነው። የሚቀበለውም የሚቸገረውም ባለቤቱ ነው። የእኛ ሠፈር በር አለው ወይ? አጥራችን ካጥራችሁ የተጣበቀ አይደለም ወይ?

አሁን ደግሞ እንደኛ ሰው ወደሚኖርበት መንገድ እንምጣ። በአሜሪካን አገር አልበከርኪ በተባለ ከተማ «ብሬኪንግ ባድ» የተባለ ድራማ ተቀርጾ እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2013 ታይቷል። የዋናው ገጸ ባሕርይ ቤት ተብሎ ከውጭ የሚታየው የግለሰብ መኖሪያ ነው። በአንዱ ክፍል ላይ ሰውየው ተናዶ የወረወረው ፒዛ ጣሪያ ላይ ያርፋል። በቃ! ከዚያ ወዲህ ተመልካቹ ከሩቅ እየመጣ እውነተኛው ቤት ጣሪያ ላይ ፒዛ ይወረውር ጀመር። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ የድራማው ፈጣሪ ቪንስ ጊሊጋን እ.ኤ.አ. በ2015 «እባካችሁ ተዉ» ብሎ በአደባባይ ለመነ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ባለቤቶቹ ቤታቸውን በብረት አጥር አጠሩ። ልብ በሉ፤ በዚያን ጊዜ ድራማው ካለቀ አራት ዓመት ሆኖታል። ካሜራው ሄዷል፣ ጣጣው ቀርቷል።

ሁለተኛው በስዊዘርላንድ ነው። ኢዘልትዋልድ ወደ 400 ሰው ብቻ የሚኖርባት የሐይቅ ዳር መንደር ነች። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ መታየት በጀመረው «ክራሽ ላንዲንግ ኦን ዩ» በተባለ የደቡብ ኮሪያ ድራማ ላይ ዋናው ተዋናይ በዚያች መንደር ጀልባ መጠጊያ ላይ ፒያኖ ይጫወታል። ይህችን ትዕይንት ያየ ሁሉ ፎቶ ለመነሣት በአውቶቡስ መጉረፍ ጀመረ። የመንደሩ አስተዳደር ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። እ.ኤ.አ. በ2023 መጠጊያው ላይ መዝጊያ አቁሞ ለመግባት 5 ፍራንክ ማስከፈል ጀመረ። አስጎብኚ አውቶቡሶችም አስቀድመው ቦታ እንዲይዙ ደነገገ። 400 ሰው ይህን ካደረገ እኛ ምን አነሰን?

ሦስተኛው በክሮኤሺያ ያለው ዱብሮቭኒክ ነው። «ጌም ኦፍ ትሮንስ» የተባለው ድራማ ይህን ጥንታዊ ከተማ ዋና ከተማው አድርጎ አሳየው። ከተማው ቀድሞም በጎብኚ የታወቀ ነበር፤ ድራማው ጨመረበት። ከቤተ ክርስቲያን ፊት ያለው የድንጋይ ደረጃ እንኳ ተመልካች የድራማውን ትዕይንት የሚያስመስልበት መድረክ ሆነ። በመጨረሻ ከተማው እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የሚገቡትን ትላልቅ የመንገደኛ መርከቦች በቀን ሁለት እንዲሆኑ ወሰነ። ሆኖም በቅጥሩ ውስጥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ 5,000 ከነበረው ነዋሪ ዛሬ የቀረው ከ2,000 ያነሰ ነው። ጥፋቱ የድራማው ብቻ ነው አንልም፤ የቤት ኪራዩም የመርከቡም አለበት። ነገር ግን ነዋሪ አንዴ ከወጣ በኋላ ደንብ ቢወጣ ማንን ይመልሳል?

«እናንተ ደግሞ! የእኛ ድራማ እንዲህ ያለ ጎብኚ ያመጣል?» የሚል አይጠፋም። ላያመጣ ይችላል። ጄኔሬተሩ ግን ማደሩ አይቀርም። መኪኖቹ መንገዱን መያዛቸው፣ «ዝም በሉ፣ ቀረጻ ነው» መባሉ አይቀርም። በር ላይ ቆሞ ልጅን ለመጥራት ፈቃድ ልንጠይቅ ነው?

«የግል ግቢ ነው፣ ምን አገባችሁ?» ለሚለውም መልስ አለን። ወንድማችን ግቢውን ማከራየት መብቱ ነው፤ ማንም አይከለክለውም። መብቱ ግን አጥሩ ጋ ያበቃል። ድምፁ፣ መብራቱና መኪናው አጥር አያውቁም። ለወጣቶቻችን የቀን ሥራ ይገኛል መባሉንም በደስታ እንቀበላለን፤ በቃል ሳይሆን በውል ይጻፍልን ነው የምንለው።

ስለዚህ ኮሚቴው ለጉባኤው የሚያቀርበው ክልከላ አይደለም፤ የሚከተለው የውል ሐሳብ ነው፦

1. ድርጅቱ ከባለግቢው ጋር ብቻ ሳይሆን ከማኅበሩም ጋር ይዋዋል።
2. ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ጄኔሬተርና ጩኸት አይኖርም።
3. ለቅሶ፣ ሠርግ ወይም ሕመምተኛ ባለበት ቀን መንገዱ አይዘጋም። ድንኳን ከተተከለ ቀረጻው ይቆማል።
4. ለመንገዱ የሚከፈለው ገንዘብ በማኅበሩ ሒሳብ ገብቶ ለፈሳሽ መውረጃውና ለመንገድ መብራቱ ይውላል።
5. የማንም ቤት ቁጥር፣ የማንም ልጅ ፊት ያለ ፈቃድ አይቀረጽም።
6. ድራማው ከታየ በኋላ ለሚመጣው ጣጣም ድርጅቱ ተጠሪ ይሆናል። አልበከርኪን አንርሳ!

ድርጅቱ እነዚህን ከተቀበለ ማኅተሙን በዚያው ቀን እንመታለን፤ ቡናም አፍልተን እንቀበላቸዋለን። ካልተቀበለ ግን ነፃ የምንሰጠው መንገድ የለንም።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። እሑድ ሳትቀሩ ኑ፤ የሚቃወመንም ይምጣና በጉባኤው ፊት ይቃወመን። ቤት ቁጭ ብሎ ቆይቶ ካሜራው ከቆመ በኋላ «ኮሚቴው የት ነበር?» ማለት አይሠራም።

የማኅበሩ ኮሚቴ ጽሕፈት ቤት